በቆላ አገር ለቤት ወፍ ስለሚሰጥ የመታጠቢያ ውኃ

ይህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ማጀት ሥራና ስለ ቤተ ሰብ ጤና ብዙ ቁም ነገር የሚጻፍበት ስለ ኾነ፥ ዛሬ አንድ ወፍ ስለሚታጠብበት ውኃ ስንጽፍ ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደ ቀልድ እንዳይቈጥሩብን አስቀድመን እንለምናለን። ጉዳዩ ትንሽ መኾኑን እኛም አንክደውም። ነገር ግን ለመንግሥት ሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ሹም ቤተ ሰቡን ይዞ ይወርዳል፤ ልጆቹም የለመዱትን እንስሳ ጥለው መኼድ አይወዱም። በደጋ ያለ ችግር የኖረ ወፍ በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ምን እንደሚያገኘው ባለማወቃችን በቤታችን ጥፋት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበርና፥ ያየነውንና የተማርነውን እነሆ እንጽፋለን።

የምንጽፍለት ወፍ ኮካቲል ይባላል። ወገኑ ከበቀቀን ነው፤ ይልቁንም ኮካቱ ከሚባሉት ባለ ቁንጮ በቀቀኖች መካከል በአካል የሚያንሰው እርሱ ነው። ትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲኾን፥ የሚኖረውም በዚያች አገር ውስጥ ባለው ሰፊና ደረቅ ሜዳ፥ ውኃና የሣር ፍሬ ወዳለበት በመንጋ እየተዘዋወረ ነው። ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ ቢለካ 30 ሴንቲሜትር ያህል፥ ቢመዘን ከ80 እስከ 100 ግራም ያህል ይኾናል። ላባው አመድማ ነው፤ በክንፉ ላይ ነጭ፥ በጉንጩም ላይ እንደ ብርቱካን ያለ ክብ ምልክት አለው። የራሱ ቁንጮ እንደ ልቡ ኹኔታ ይነሣል፥ ይተኛል፤ በደነገጠ ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፥ ይህን የለመደ ሰው የወፉን ስሜት ከሩቅ ያውቃል። በደኅና ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ስለዚህ ይህን ወፍ ለሕፃን የሚሰጥ ዘመድ፥ ሕፃኑ ጐልማሳ እስኪኾን የሚቈይ አደራ መስጠቱን ያስብ።

ለእኛ ቤት የደረሰው ወፍ የባለቤታችን እኅት ለታናሺቱ ልጃችን ያመጣችላት ነው። ልጆቹ ቁንጮ ብለው ሰየሙት። በአዲስ አበባ ሳለን መታጠቢያ የሚባል ነገር አላሰብንለትም፤ ምክንያቱም ክረምት ሲገባ ልጂቱ የሽቦ ቤቱን ከበረንዳው ጣራ ጠርዝ ላይ ትሰቅለውና፥ የሐምሌ ካፊያ ሲመጣ ወፉ በእግሩ ተንጠልጥሎ፥ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፥ ክንፉንና ጅራቱን ዘርግቶ ይርስ ነበር። እኛም ቡናችንን እየጠጣን እንደ ጨዋታ እንመለከተው ነበር። ገላውን እየታጠበ መኾኑን ያወቅነው ዝናብ ወደሌለበት አገር ከወረድን በኋላ ነው።

በችሎት ሥራ ምክንያት ወደ አፋር አገር መውረድ በኾነብን ጊዜ መዠመሪያ በአዋሽ ሰባት ጥቂት ወራት ተቀመጥን። አዋሽ ሰባትን የወለዳት የምድር ባቡር ነው ማለት ይቻላል፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፥ መንገደኛው የሚያርፍባት ጣቢያ ኾና አደገች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርደናል ማለት ነው።

በዚያ ወፉ አንድ ዐዲስ ጠባይ አመጣ። ጧት ጧት የመጠጫው ጽዋ ሲሞላ ራሱን ነክሮ እያራገፈ፥ ደረቱን በጽዋው ከንፈር ላይ እያሸ፥ ውኃውን ኹሉ በወለሉ ይበትነዋል። ባለቤታችን ወለሉ ረጠበ ብላ ብታማርር፥ እኛ ብልሃት ያገኘን መስሎን መንቆሩን እንጂ ራሱን የማያስገባ አፈ ጠባብ መጠጫ ከገበያ ገዝተን አኖርንለት። ወለሉ ደረቀ፤ ቤቱም ሰላም ኾነ። የባለ ጉዳይን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ ነውር መኾኑን በየቀኑ በመዝገብ የምንጽፍ ሰዎች፥ በገዛ ቤታችን አቤት የሚለውን ወፍ ቃሉን ሳንሰማ ፈረድንበት።

ወፉ አቤት ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወፍ ላብ የለውም። ሰው በላቡ ሙቀቱን ሲያበርድ፥ ወፍ ግን አፉን ከፍቶ በማለክለክና ክንፉን ከገላው አርቆ በመያዝ ይበርዳል። ላባው ሲርስ ርጥበቱ እየደረቀ ሙቀቱን ይወስድለታል፤ ይኸውም በጥላ የተቀመጠ የሸክላ እንስራ በላዩ ውኃ እያላበ ውስጡን እንደሚያቀዘቅዝ ዐይነት ነው። በዚህም ላይ ኮካቲል ከብዙ ወፎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ከላባዎቹ መካከል ጫፋቸው እየፈረፈረ እንደ ነጭ ዱቄት የሚኾን አሉ። ይህ ዱቄት ላባውን ለመጠበቅ የሚረዳው ሲኾን፥ ሲበዛ ግን በሽቦ ቤቱ፥ በመጋረጃውና በመጽሐፉ ላይ እንደ ትቢያ ይሰፍራል፤ የአስም በሽታ ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ካለም ያስቸግረዋል። ወፉ ሲታጠብ ትርፉ ዱቄት ይወርዳል፤ ከታጠበም በኋላ ላባውን አንድ በአንድ በመንቆሩ እያበጠረ ያስተካክላል። ላባ በሚለውጥበት ወራት ደግሞ ዐዲሱ ላባ በቀጭን ሽፋን እንደ ተጠቀለለ ስለሚበቅል ያሳክከዋል፤ ርጥበት ሽፋኑን ያለዝብለታል።

ከአዋሽ ሰባት ተነሥተን በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ ወረድን። ሰመራ ከሎጊያ ጎን የተሠራች የአፋር ክልል መቀመጫ ናት፤ ከፍታዋ ከአዋሽ ሰባት ከግማሽ በታች ሲኾን፥ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሚደነቅ የለም። ወፉ በዚያ ሲከርም ላባው ፈዘዘ፤ ቀኑን ኹሉ ያካል፤ ድምፁም ጠፋ። ቀድሞ እኛ ከሥራ ስንመለስ በፉጨት የሚቀበለን ወፍ ዝም አለ። የአገሩ ሙቀት ነው፥ ይለምደዋል አልን።

በግንቦት ወር አንድ ቀን፥ ቀትር ላይ፥ ልጂቱ «አባባ፥ ቁንጮ አፉን ከፍቷል፤ አይዘጋም!» እያለች እየጮኸች መጣች። ብናየው ክንፉን እንደ ተሰበረ ኹሉ ከገላው አርቆ፥ ዐይኑን ግማሽ ጨፍኖ ያለከልካል። የሽቦ ቤቱ ያለው በቆርቆሮ ጣራ ሥር በመስኮት አጠገብ ነበር፤ ፀሓይዋ ዞራ ደርሳበታለች። እኛም ደንግጠን ሳሕን አንሥተን ቧንቧውን ከፍተን ሞላንና ልናፈስበት ስንል፥ ባለቤታችን እጇን አግብታ ጮኸች። ውኃው ይፋጃል። በጣራ ላይ የተቀመጠው በርሜል ከጧት ዠምሮ ፀሓይ ሲመታው ስለሚውል፥ በዚያ ሰዓት ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ሻይ ለማፍላት ጥቂት ብቻ የሚቀረው ነው። ይህን ዕለት ዕለት እያወቅነው በድንጋጤ ረሳነው። ወፉን ለማዳን ብለን ልንቀቅለው ነበር።

በዚህ መካከል ወተት የምታመጣልን አንዲት የአፋር ባልቴት በበሩ ቆማ ነበር። ምንም ሳትናገር ገባችና የሽቦ ቤቱን አውርዳ ከቤቱ ጨለም ወዳለው ጥግ፥ ከሲሚንቶው ወለል ላይ አኖረችው። ከእንስራው ጨርቅ ነክራ የወፉን እግርና የክንፉን ሥር አረጠበች፤ በጣቷም ጥቂት ጠብታ በመንቆሩ ጫፍ አስነካችው። ከብቱን በሐሩር የምታኖር ሴት የሐሩርን ሥራ ታውቃለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይቶ ወፉ አፉን ዘጋ፤ ቁንጮውም ዝቅ አለ።

የእንስሳት ሐኪሞችም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሙቀት የተጐዳ ወፍ ቶሎ ወደ ጥላ ይወሰድ፤ እግሩና ላባው ለብ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ይረጠብ፤ በረዶ ያለበት ውኃ ግን ድንገት ያስደነግጠዋልና አይደረግ፤ በውኃ ውስጥም አይነከር።

ወፉ ከተረጋጋ በኋላ ባልቴቲቱ በደጅ ደፍተን የጣልነውን የሳሕን ውኃ ተመለከተች። መሬቱ ጠጥቶት ርጥበቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። እኛም ፊታችን ቀላ። በዚህ አገር ውኃ ለመቅዳት በግመልና በአህያ ረዥም መንገድ የሚኼዱ ሰዎች መኖራቸውን እያወቅን ለወፍ ውኃ ማፍሰሳችን አሳፈረንና፥ «እማማ፥ ነውር ሠራን፤ ሰው ውኃ ሲፈልግ እኛ ለወፍ መታጠቢያ አልን» ብንላት እንዲህ ስትል መለሰችልን፤ «ልጄ፥ ወደ ወንዝ እንዳይኼድ በር የዘጋህበት አንተ ነህ። ግመልም ቢታሰር ውኃው ባሰረው ሰው ላይ ነው። ያፈሰስኸው ግን ለወፉም አልኾነ፥ ለእኔም አልኾነ።»

ይህ ቃል ቀኑን ኹሉ ከጆሯችን አልወጣም። ማታ ተቀምጠን መጠኑን መረመርነው። ለዚህ ወፍ የሚበቃው መታጠቢያ ስፋቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ፥ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የኾነ ገንዳ ነው፤ በመስፈሪያ ስንለካው ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ስለዚህ 20 ሊትር ከሚይዝ አንድ ጀሪካን 40 መታጠቢያ ይወጣል። እኛ በዚያች ቀትር በድንጋጤ ያፈሰስነው ብቻውን ለሳምንት ይበቃ ነበር። እንግዲህ የሚያሳፍረው ለታሰረው ወፍ ውኃ መስጠቱ ሳይኾን፥ ሳይለኩ ማፍሰሱ ኾኖ አገኘነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝነው ሥርዐት ይህ ነው። ውኃውን የምንቀዳው ማታ ወይም ጎሕ ሲቀድ፥ በርሜሉ በሌሊት ነፋስ ከበረደ በኋላ ነው፤ ከቀዳነውም በኋላ በሸክላ ማሰሮ እናኖረዋለን። የምንሰጠውም ጧት ከቁርስ በፊት ነው። በትውልድ አገሩም ይህ ወፍ ወደ ውኃ የሚወርደው በአብዛኛው በጧትና በማታ ሲኾን፥ ጧት የታጠበ ወፍ ቀን ደርቆ ስለሚያድር ብርድ አያገኘውም። በሰመራ ብርድ ማለታችን አንባቢን ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ርጥብ ወፍ በነፋስ ማራገቢያ ፊት ከተቀመጠ በዚያም አገር ይበርደዋል። ከታጠበ በኋላ ማራገቢያው ይጥፋ። የጣራ ማራገቢያ ያለበት ቤት ደግሞ ወፉ ከሽቦ ቤቱ ሲወጣ መሣሪያው እንዳይዞር ይጠንቀቁ፤ ይህ ለመታጠቢያ ብቻ ሳይኾን ለሕይወቱ ነው።

ገንዳው ከባድና የማይገለበጥ ይኹን። ብርጭቆ ሳሕን ያንሸራትተዋልና ወፉ አንድ ጊዜ ከደነገጠ ዳግመኛ አይገባም፤ እኛ የመረጥነው ሻካራ የሸክላ ሳሕን ነው። መዠመሪያ በቀረበለት ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ቁንጮውን አቁሞ ከሩቅ ሲያየው ሰነበተ። ባለቤታችን ርጥብ የሰላጣ ቅጠል በሳሕኑ ውስጥ አኖረችለት፤ ቅጠሉን ሊበላ ቀርቦ እግሩ ውኃ ነካ፥ ከዚያ በኋላ በደረቱ ተንከባለለበት። አንዳንድ ወፍ ሳሕን ጨርሶ አይወድም፤ ለእንዲህ ያለው ርጥብ ቅጠል ብቻ መስቀል ወይም በመርጫ ከላዩ እንደ ካፊያ ማውረድ ይበቃል። የመርጫው ውኃ ፊቱን እንዳይመታ ወደ ላይ ይረጭና በራሱ ይውረድ። መርጫውም ዐዲስ ይኹን፤ የትንኝ ወይም የተባይ መድኀኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም አይታመንም። የአቮካዶ ቅጠል ለወፍ መርዝ ስለ ኾነ በሰላጣ ፈንታ ከቶ አይቅረብ። ወፉ እንቢ ካለ ደግሞ ተይዞ አይነከር፤ በግድ የታጠበ ወፍ እጅን ይፈራል፥ እጅን የፈራ ወፍም ለልጅ ደስታ አይኾንም።

ሳሙና አያስፈልግም፤ የላባውን ቅባት ስለሚያጥብበት ውኃ ወደ ገላው ይዘልቃል። መታጠቢያና መጠጫ ይለያይ፤ ወፉ በታጠበበት ውኃ ኵሱ ይገባበታልና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሣ። በሞቃት አገር የቆመ ውኃ ቶሎ ይበላሻል።

ስለ ውኃው ጠባይም ጥቂት እንጨምር። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከብዙ ጕድጓዶች የሚወጣው ውኃ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በመተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እንዲህ ያለ ውኃ በላባ ላይ ሲደርቅ ጨዉን ትቶ ይኼዳል፤ ወፉም ላባውን ሲያበጥር ይልሰዋል። እኛ የምንፈትነው በቀላል መንገድ ነው፤ አንድ ማንኪያ ውኃ በጥቁር ሳሕን ላይ አፍስሰን እስኪደርቅ እንተወዋለን፤ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ከተወ ለወፉ አንሰጠውም። የአዋሽ ወንዝ ውኃም ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎሜትር ያህል ሲጓዝ የከተሞችን እድፍና የእርሻውን አፈር ይዞ ስለሚወርድ፥ ሳይጣራና ሳይፈላ አይሰጥ። ለወፉ የሚኾነው ውኃ ለልጅ የሚኾነው ነው።

ወንድና ሴት አጣምሮ የያዘ ሰው ደግሞ ለመታጠቢያው የበለጠ ያስብ። ኮካቲል ዕንቍላሉን በተራ ይታቀፋል፤ ወንዱ በአብዛኛው ቀን፥ ሴቷ ሌሊት ይዘው ሦስት ሳምንት ያህል ይቈያሉ። በዚህ ጊዜ ታጥበው በረጠበ ሆዳቸው ተመልሰው ሲታቀፉ ርጥበቱ ለዕንቍላሉ ይጠቅማል፤ በደረቅ አየር ዕንቍላሉ ውኃውን ያጣልና።

ይህን ስንጽፍ በአዋሽ ሰባት ሳለን በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያየነው ትዝ ይለናል። ፓርኩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የተቋቋመ ሲኾን፥ ከ400 በላይ የወፍ ዐይነት ይገኝበታል። በዚያ ቆቅ የሚመስል፥ የአሸዋ መልክ ያለው የበረሓ ወፍ አለ። ጫጩቶቹ ገና መብረር በማይችሉበት ጊዜ ወንዱ ብዙ ኪሎሜትር በርሮ ወደ ውኃ ይወርድና፥ የሆዱን ላባ እንደ ስፖንጅ ነክሮ ርጥበቱን ይዞ ይመለሳል፤ ጫጩቶቹም ከላባው ይጠጣሉ። ላባ ውኃ ይይዛል ሲባል የሰማን ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገንም።

በዚያው ፓርክ ሆዱ ብርቱካን መልክ የኾነ የአገራችን በቀቀንም ይታያል። ልጂቱ ባየችው ጊዜ ለቁንጮ ጓደኛ ይኾነው ዘንድ እንድንይዝላት ለመነችን። ይህ ግን የሕግ ነገር ነውና ዝም ብለን አናልፈውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በዋሺንግተን የተፈረመው ስለ ዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የሚናገረው ስምምነት፥ ከጥቂት ዐይነቶች በቀር የበቀቀንን ወገን ኹሉ በጥበቃ ሥር ያኖራል። ኮካቲል ከተተዉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ በሰው እጅ ለብዙ ትውልድ እየተራባ ስለ ኖረ ከዱር መያዝ አያስፈልግም። የአዋሹ በቀቀን ግን ወንዙ በደጁ ነው፤ ከእኛ የሚፈልገው ገንዳ የለም።

አኹን በቤታችን የውኃው ሹም ልጂቱ ናት። ጧት ግማሽ ሊትሩን ለክታ ትሰጣለች፤ ወፉ ታጥቦ ሲወጣ የተረፈውን በደጅ ለተከልነው የኒም ችግኝ ታፈስሰዋለች። ችግኙ ከእርሷ ቁመት አልፏል። ባልቴቲቱም ወተት ስታመጣ የሰዎቹን ደኅንነት ከመጠየቋ በፊት «ወፉ ታጥቧል?» ትላለች፤ ቁንጮም ድምፅዋን ሲሰማ ያፏጫል። ያ ከአዋሽ ሰባት የገዛነው አፈ ጠባብ መጠጫ ዛሬ በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ የብዕር ማኖሪያ ኾኖ ተቀምጧል።